ጡቴ ቢቆረጥም ተስፋዬ አይቆረጥም!

ስሜ ለእናንተ ምንም አይፈይድላችሁም። ዕድሜዬ ግን ይፈይዳል፤ 33 ዓመቴ ነው። «ካንሰር የትልልቅ ሰዎች በሽታ ነው» እያላችሁ ለምትዝናኑ እህቶቼ ማለት ነው።

በግራ ጡቴ ላይ የሽንብራ ፍሬ የምታክል እብጠት ነበረች። አታምም፣ አትቆረቁር። ናሙና ተወስዶ ሲመረመር የጡት ካንሰር ሆነ። ሐኪሞቹ መጀመሪያ ኬሞ፣ ከዚያ ኦፕራሲዮን ብለው ወሰኑ። የመጀመሪያው ኬሞ የፊታችን ሐሙስ ነው። እንግዲህ ድኜ ምስክርነት እየሰጠሁ እንዳይመስላችሁ፤ ገና ደጃፉ ላይ ነኝ። ለነገሩ ሰው ተስፋ የሚያስፈልገው እዚሁ ደጃፍ ላይ አይደል?

ብቻዬን አይደለሁም

በመጀመሪያዎቹ ቀናት በዓለም ላይ ይህ በሽታ ለእኔ ብቻ የተላከ መስሎኝ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ግን እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 2.3 ሚሊዮን ሴቶች የጡት ካንሰር እንዳለባቸው ተነግሯቸዋል፤ በዚያው ዓመት 670 ሺህ ያህል ሰዎች በዚሁ በሽታ ሞተዋል። ሁለተኛው ቁጥር ያስፈራል፤ አልዋሻችሁም። ከመጀመሪያው ጋር ሳስተያየው ግን ትንሽ ተነፈስኩ። በአገራችንም ሴቶችን ከሚይዙ የካንሰር ዓይነቶች በብዛት አንደኛው ይኸው ነው። የእኛን ችግር የሚያከብደው ብዙዎቻችን ሐኪም ቤት የምንደርሰው በሽታው ከተስፋፋ በኋላ መሆኑ ነው። ስለማያም እንተወዋለን፤ ስለምናፍር እንሸፍነዋለን። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የተባለው ለእኛ ሳይሆን አይቀርም።

ጠበሉና መርፌው ተጣሉ እንዴ?

ወሬው ቤት ሲሰማ አክስቴ ከሁሉ ቀደመች። «ልጄ፣ ቢላዋ ከነካው ይሰራጫል! መጀመሪያ እንጦጦ ሁለት ሱባኤ ያዢ፣ ከዚያ ይደረስበታል» አለች። እናቴ ዝም ብላ መሬት መሬት ታያለች። ሐኪሙ ደግሞ ሕክምናው በዘገየ ቁጥር በሽታው ጊዜ እንደሚያገኝ፣ ኦፕራሲዮን ካንሰርን ያሰራጫል የሚባለውም ወሬ እንደሆነ ነግሮኛል። በሁለቱ መካከል ተሰንጥቄ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ።

በሦስተኛው ቀን የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። አባ በትዕግሥት ሰሙኝና ስለ ንጉሥ ሕዝቅያስ አጫወቱኝ። ለሞት ታሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ፤ 15 ዓመትም ተጨመረለት። ያም ሆኖ ነቢዩ ኢሳይያስ ቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲያደርጉለት አዘዘ። «ጸሎቱን የሰማው አምላክ መድኃኒቱን አልከለከለም፤ አንቺን ማን ከለከለሽ?» አሉኝ። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መምከራቸውንም አስታወሱኝ።

ወስኛለሁ፤ እስከ ሐሙስ ጠበሌን እጠመቃለሁ፣ ሐሙስ ኬሞዬን እወስዳለሁ። ኬሞው ከተጀመረ በኋላ ሰውነት በሽታ የመከላከል አቅሙ ስለሚዳከም ሐኪሜን ሳልጠይቅ አልጠመቅም። ጾሙንም አባ ፈቱልኝ። አክስቴ ትንሽ አኩርፋ ቆየችና «በይ እንግዲያው፣ ሱባኤውን እኔ እይዝልሻለሁ» አለችኝ። ያን ቀን ነው ከልቤ ያለቀስኩት። ጎረቤታችን ያሉት ሙስሊም እናትም በየሶላታቸው ዱዓ እንደሚያደርጉልኝ ነግረውኛል።

እስከ ሐሙስ ምን እሠራለሁ?

ቁጭ ብሎ መጠበቅ ፍርሃትን ያፋፋል። ስለዚህ ራሴን ሥራ አስይዣለሁ። ለእናንተም ሆነ ለዘመዳችሁ ከጠቀመ እነሆ፦

ጥርሴን ታየሁ። ኬሞው አፍ ስለሚያቆስል የተበላ ጥርስ ቀድሞ ቢታከም ይሻላል። የምጠጣውን የባህል መድኃኒት ሁሉ ሳልደብቅ ለሐኪሙ ተናገርኩ፤ ከኬሞው ጋር ሊጋጭ ይችላልና። «ወደፊት ልጅ መውለድ እፈልጋለሁ» ብዬም ነገርኩት። መድኃኒቱ የመውለድ አቅምን ሊነካ ስለሚችል ይህ ጥያቄ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት መነሳት አለበት። እጮኛዬ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። እስካሁን አልሸሸም!

የሙቀት መለኪያ ገዛሁ። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት መሮጥ ነው፤ ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ጠጥቶ መተኛት የለም። ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎን ተሰናብቻለሁ። ፀጉሬንም አሳጥሬዋለሁ፤ ከመጀመሪያው ኬሞ በኋላ በሁለት ሦስት ሳምንት ይረግፋል ብለውኛል፣ ሲያበቃ ግን ይበቅላል። ወረፋ ስጠብቅ ያገኘኋት፣ ሦስተኛ ዙር ላይ ያለች ሴት፣ «የፀጉር ቤት ወጪ ቀረልኝ» ብላ አስቃኛለች። በሳቅና በለቅሶ መካከል ያለችው መንገድ ቀጭን ናት፤ እሷ ግን ትሄድባታለች።

ገንዘቡስ? የመሥሪያ ቤቴ ዕቁብተኞች ያለተራዬ ዕጣ ለቀቁልኝ። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ማለት ይኸው ነው።

ተስፋዬ እንዲህ ነው

አንዳንዱ ሰው «እምነት ካለሽ አትፍሪ» ይለኛል። እፈራለሁ። ሌሊት ሌሊት ጡቴን በእጄ ይዤ እፈራለሁ። ፈጣሪን «አድነኝ» እለዋለሁ እንጂ ውል አላስፈርመውም። እየፈራሁም ቢሆን ሐሙስ ጠዋት 2፡00 ሰዓት ላይ ካርዴን ይዤ እገኛለሁ። እምነቴ ያለው እግሬ ላይ ነው።

እናንተ ደግሞ ዛሬ ማታ ጡታችሁን ዳስሱ። እብጠት፣ የቆዳ መጨማደድ፣ ወደ ውስጥ የገባ ጫፍ ወይም ከጫፉ የሚወጣ ደም ካያችሁ ነገ አትበሉ። ለእኔም በየእምነታችሁ ጸልዩልኝ።