ጥፋቱ ባሕሩ ላይ ነው ወይስ ኬብሉ ላይ?

ጎን ቃኚ ሶናር ከመርከብ ኋላ በረጅም ኬብል የሚጎተት፣ ቶርፒዶ የሚመስል መሣሪያ ነው። በግራና በቀኝ ጎኑ ትራንስዱሰር የሚባሉ አካላት አሉት፤ እነዚህ ኤሌክትሪክን ወደ ድምፅ፣ ተመልሶ የመጣውን ድምፅ ደግሞ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣሉ። መሣሪያው አጭር የድምፅ ምት ይለቅቃል፤ የባሕሩ ወለል የመለሰውን ማሚቶ ተቀብሎ በኬብሉ በኩል መርከቡ ላይ ላለው ኮምፒውተር ይልካል። ኮምፒውተሩ ከእያንዳንዱ ምት አንድ መስመር ይሥላል፤ መስመሮቹ ተደርድረው የወለሉን ምስል ይሰጣሉ።

ስለዚህ በምስሉ ላይ ርቀት ሆኖ የሚታየው በመሠረቱ ጊዜ ነው። ድምፅ በባሕር ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1500 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከ100 ሜትር ርቀት የሚመለስ ማሚቶ ደርሶ መልሱን በ0.13 ሰከንድ ግድም ይጨርሳል። ብልሽት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያነበውም ይህንኑ የጊዜ ምልክት ነው።

ከሩቅ የሚመጣ ማሚቶ ደካማ በመሆኑ፣ ተቀባዩ ምቱ ከተለቀቀ በኋላ ጊዜው በረዘመ ቁጥር የሚያጎላበትን መጠን ይጨምራል። ከማሚቶው ጋር ግን የኤሌክትሪክ ረብሻም አብሮ ይጎላል። በምስሉ ዳርቻ ላይ ብቻ የሚታይ ነጠብጣብ፣ እንግዲህ፣ ከዳርቻው የመጣ ላይሆን ይችላል፤ ሁልጊዜ የነበረ ረብሻ እዚያ ሲደርስ ጎልቶ ይታያል እንጂ። እኩል ተራርቀው በሰያፍ የሚሄዱ ሰረዞች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ሶናር፣ በተለይም የመርከቡ የራሱ የጥልቀት መለኪያ ሥራ ናቸው። ሁለቱ ምታቸውን የሚለቅቁት በየራሳቸው ሰዓት ስለሆነ፣ የአንዱ ምት በሌላው ምስል ላይ ቦታውን እየቀየረ ይወድቃል። መለኪያውን ለአንድ ደቂቃ ማጥፋት ጥርጣሬውን ይፈታል።

ብልሽት የሚመስሉ የባሕር ጠባዮችም አሉ። መሣሪያው 15 ሜትር ጥልቀት ላይ ሲጎተት በ15 ሜትር ርቀት ላይ የሚታይ ቀጭን መስመር ከውሃው ገጽ የተመለሰ ማሚቶ ነው፤ ኬብል ሲለቀቅ መስመሩም ይርቃል። ሞቃትና ቀዝቃዛ ውሃ የሚገናኙበት ንብርብር የድምፁን መንገድ ያጎብጠዋል፤ የምስሉ ዳርቻ ይሞገዳል ወይም ይጠፋል። ፕሮፔለሩ የሚተወው የአየር አረፋም ድምፅ ይውጣል። ለእነዚህ መፍቻ ማንሣት ትርፉ ድካም ነው፤ ጥልቀቱን ወይም መንገዱን መቀየር ይበቃል።

ባሕሩ ነፃ ከወጣ ምርመራው ወደ ሰንሰለቱ ይዞራል፦ ኮምፒውተር፣ የኃይል ሣጥን፣ ኬብሉን በከበሮው ላይ የሚጠቀልለው ዊንች፣ ኬብል፣ ማያያዣ፣ በመጨረሻም ተጎታቹ አካል። ሁለቱም ጎኖች አንድ ላይ ከጠፉ የሚጠረጠረው የጋራቸው የሆነው ኃይልና ኬብል ነው። አንዱ ጎን ብቻ ከደበዘዘ ጉዳዩ ተጎታቹ ውስጥ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ይህን ለማረጋገጥ መሣሪያው ዴክ ላይ እንዳለ የትራንስዱሰሩን ፊት በእጅ ማሸት ይቻላል። ምስሉ ላይ ሽንትር ከታየ መቀበያው ይሠራል፤ ያ ጎን ውሃ ውስጥ ሲገባ አሁንም ጨለማ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ማሰራጫው ይዞራል።

ሰንሰለቱን ከመካከል ለመክፈል፣ ዊንቹን አልፎ ሣጥኑን በቀጥታ ከተጎታቹ ጋር የሚያገናኝ አጭር የሙከራ ኬብል ይበቃል። በዚህ ምስሉ ከተስተካከለ ጥፋቱ ከዊንቹና ከረጅሙ ኬብል አያልፍም። ረብሻው ዊንቹ ሲዞር ብቻ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ፣ ከበሮው እየዞረ ግንኙነቱ እንዳይቋረጥ የሚያደርገው ስሊፕ ሪንግ ቆሽሾ ወይም ተበልቶ ሊሆን ይችላል።

ኬብሉ ኤሌክትሪክ ብቻ ሳይሆን ክብደትም ይሸከማል። የማሌዥያው ኤምኤች370 አውሮፕላን በህንድ ውቅያኖስ ሲፈለግ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2016 አንድ ተጎታች ሶናር ከወለሉ 2200 ሜትር ከፍ ካለ የጭቃ እሳተ ገሞራ ጋር ተጋጭቶ ኬብሉ ተበጠሰ፤ መሣሪያውም ከ4500 ሜትር ኬብል ጋር ወለሉ ላይ አረፈ። እንዲህ ያለው አደጋ ውድ ቢሆንም ምርመራ አያስፈልገውም። የሚያስቸግረው ሳይበጠስ የተጎዳ ኬብል ነው። በላላ ማያያዣ የገባ ጨዋማ ውሃ በሽቦዎቹ መካከል ኤሌክትሪክ ያሾልካል፤ የውሃው ግፊት ከጥልቀት ጋር ስለሚጨምር ዴክ ላይ ደህና የነበረው ታች ሲወርድ ይታመማል። ሜገር፣ ማለትም በከፍተኛ ቮልቴጅ የሽፋንን ጥንካሬ የሚለካው መሣሪያ፣ ይህን ያሳያል፤ ኬብሉ ግን አስቀድሞ ከሁለቱም ጫፍ መነቀል አለበት፤ አለዚያ ቮልቴጁ ኤሌክትሮኒክሱን ያቃጥላል።

ሽቦው ውስጥ ለውስጥ ተቆርጦ ከሆነ ቦታውን የሚነግረው እንደገና ጊዜ ነው። የኤሌክትሪክ ምት በእንዲህ ያለ ኬብል ውስጥ በብርሃን ፍጥነት ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይጓዛል፤ ከቁርጡ ተመልሶ ለመድረስ 2 ማይክሮ ሰከንድ ከፈጀበት ቁርጡ 200 ሜትር ግድም ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ኬብሉ ደጋግሞ በሚታጠፍበት በተጎታቹ አቅራቢያ ነው፤ ጥቂት ሜትር ተቆርጦ ጫፉ እንደ አዲስ ይታሰራል።

ተጎታቹን መክፈት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ውዱ ክፍል እሱ በመሆኑ ብዙዎች ከእሱ ይጀምራሉ፤ ነገር ግን እርጥብ ዴክ ላይ ሲከፈት፣ ውሃ እንዳይገባ በሚያግደው የጎማ ቀለበት፣ ማለትም በኦሪንጉ ላይ የቀረች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ውሃ ለማስገባት ትበቃለች።