ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ፦ ስለ ሳቅ፣ ስለ ዝምታና ስለ አነባበብ አንዳንድ ነጥቦች

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች በሰጠሁት የልብ ወለድ ፈተና፣ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ጉዱ ካሣ የተሳለበትን መንገድ ከመጽሐፉ ማስረጃ እየጠቀሱ እንዲያብራሩ ጠይቄ ነበር። አንዲት ተማሪ ሁለት ገጽ ሙሉ ጥሩ መልስ ጻፈች። ከመልሷ ውስጥ ግን አንድ ነገር አስቆመኝ። ጉዱ ካሣ ነገር ከመወርወሩ በፊት ትንፋሹን ሰብሰብ እንደሚያደርግ፣ የሚያመውን ቃል ሲናገር ድምፁን ከፍ ከማድረግ ይልቅ ዝቅ እንደሚያደርገው ጽፋለች። ወደ መጽሐፉ ተመልሼ ብፈልግ እሷ ባለችው መልክ የተጻፈ አላገኘሁም። ጠርቼ ገጹን እንድታሳየኝ ብጠይቃት አንገቷን ደፍታ፣ «መምህር፣ እውነቱን ልንገርዎትና አላነበብኩትም፤ በስልኬ ነው የሰማሁት» አለችኝ። የሰማችው የወጋየሁ ንጋቱን ንባብ ነው።

ተማሪዋ አጭበረበረች እንበል ወይስ አነበበች? ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው። ጥያቄው የአንዲት ተማሪ ብቻ አለመሆኑን ማንም የሥነ ጽሑፍ መምህር ያውቀዋል። «ፍቅር እስከ መቃብርን አውቀዋለሁ» ከሚለው ሰው ብዙው የሚያውቀው በጆሮው ነው። እኛ ግን በክፍል ውስጥ የምናስተምረው የታተመውን ብቻ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ወጋየሁ በሬዲዮ የሠራውን ሥራ፣ በተለይም መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ሳቅ እንዴት ለአድማጭ እንዳደረሰ፣ እንደ ሥነ ጽሑፍ ጉዳይ ለመመልከት እሞክራለሁ። ቃላት እንዳይምታቱብን ከወዲሁ ልለይ፤ ደራሲው በልብ ወለዱ ውስጥ ታሪኩን እንዲነግር ያቆመውን ድምፅ «ተራኪ»፣ ወጋየሁን ደግሞ «አንባቢ» እላለሁ።

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ ነው። ከ1966ቱ አብዮት በፊት ከሕዝቡ እጅግ የሚበዛው ማንበብና መጻፍ የማይችል እንደነበረ ይታወቃል፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው የተጀመረውም በ1971 ዓ.ም. ነው። ዘመቻው ፊደል ለቆጠረ አዲስ አንባቢ ይህን የሚያህል መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር መዝለቅ ቀላል አይደለም፤ ገዝቶ ቤት ማስገባቱም እንዲሁ። ሬዲዮ በአንጻሩ በጥር 1927 ዓ.ም. የአቃቂው ጣቢያ ከተመረቀ ወዲህ ቀስ በቀስ፣ በኋላም በባትሪ የሚሠራው ትንሹ ሬዲዮ ሲስፋፋ በፍጥነት፣ የከተማውንም የገጠሩንም ጆሮ ይዞ ነበር። በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በሚባለው ዝግጅት ወጋየሁ መጽሐፉን በየክፍሉ ሲያነብ፣ ልብ ወለዱ ለብዙ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ተደራሽ ሆነ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወጋየሁ በሙያው የመድረክ ሰው ነው። በአዲስ አበባ መድረኮች የታወቀ ተዋናይ ነበር፤ ያረፈው በ1982 ዓ.ም. ነው። ስለ ቴአትር ሥራው የጻፉና የሚጽፉ አሉና ወደዚያ አልገባም። እኔን የሚስበኝ ከመድረክ ወደ ማይክሮፎን ሲሻገር ምን አጥቶ ምን እንዳገኘ ነው።

ያጣው ፊቱን፣ እጁን፣ ልብሱንና ተመልካቹን ነው። የመድረክ ቀልደኛ ሳቁን ይሰማዋል፤ ሰዉ እየሳቀ ከሆነ ቀጣዩን ቃል ይይዘዋል፣ ሳቁ ጋብ ሲል ይለቀዋል። አለቃ ገብረ ሐና በሕዝብ ዘንድ የሚነገሩላቸው ቀልዶች በሙሉ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ያለባቸው ናቸው፤ ቀልዱ ያንን ሰው ካላገኘ ቀልድ አይሆንም። አዝማሪም ቢሆን ከተቀባዩ ፊት ላይ አንብቦ ነው ቀጣዩን ስንኝ የሚመርጠው። የሬዲዮ ሰው ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ግድግዳው ድምፅ በሚውጥ ስቱዲዮ፣ ከመስታወቱ ወዲያ ካለው ባለሙያ በስተቀር ማንም ሳያየው ይናገራል። የሚስቀው ሰው ሌላ ቦታ ነው፤ የሚስቀውም በሌላ ሰዓት ነው። ስለዚህ የሬዲዮ ቀልደኛ ሳቁን ሳይሰማ ቦታ ሊተውለት ይገባል። ብዙ ከተወ ንባቡ ይበርዳል፤ ካልተወ ደግሞ ቤት ውስጥ ተሰብስቦ የሚሰማው ቤተሰብ ሲስቅ ቀጣዩ ዐረፍተ ነገር ያመልጠዋል። ያን ጊዜ «ምን አለ? ምን አለ?» ይባላል፤ ሬዲዮ ደግሞ ተመልሶ አይናገርም።

የወጋየሁን ንባብ ደጋግሜ ስሰማ የሚያስደንቀኝ ይህ የዝምታ ልክ ነው። ያገኘውም ነገር፣ በእኔ ግምት፣ ይኸው ነው፤ በመድረክ ላይ በአካል የሚሠራውን በትንፋሽ መሥራት።

ሁለተኛው ነጥብ የተናጋሪነት ጉዳይ ነው። የሬዲዮ ዜና አንባቢ በዘልማድ ረጋ ያለ፣ የራሱን ስሜት የማያሳይ ድምፅ እንዲኖረው ይጠበቃል። አዋጅ ቢሆን፣ ሹመት ቢሆን፣ የዝናብ ሁኔታ ቢሆን በአንድ ቃና ይነበባል። ይህ ቃና ለቀልድ የማይመች ይመስላል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ምጸት የሚሠራው ነገሩ በቁም ነገር ሲነገር ነው። ቀልዱን ራሱ ቀድሞ የሚስቅበት ሰው ቀልዱን ይገድለዋል። ወጋየሁ የተራኪውን ክፍል ሲያነብ ወደ ዜና አንባቢው እርጋታ ይጠጋል፤ ገጸ ባሕርያቱ ሲናገሩ ግን ወደ ተዋናይነቱ ይመለሳል፣ ሁሉንም ብቻውን ሆኖ ለየራሳቸው ድምፅ ይሰጣቸዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ነው ሳቁን የሚያመጣው። ተራኪው አይስቅም፤ አድማጩ ይስቃል።

ለዚህ ከፊታውራሪ መሸሻ የተሻለ ምሳሌ አላገኝም። እንደሚታወቀው ፊታውራሪ በዘራቸው እጅግ የሚኮሩ፣ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን የአጥንት አቻ በማጣት ባል ለመስጠት የተቸገሩ መኳንንት ናቸው። ገበሬዎቻቸው ከልማዱ ውጪ የተጠየቁትን አንሰጥም ባሏቸው ጊዜ ይዘምቱባቸዋል፤ በመጨረሻም አበጀ በለው በሚመራቸው በእነዚያው ገበሬዎች እጅ ይወድቃሉ። ይህን ክፍል በዐይኑ የሚያነብ የዛሬ ተማሪ ብዙ ጊዜ አይስቅም። የመኳንንቱ አነጋገር ስለ ራቀው «የድሮ አማርኛ» ብሎ ያልፈዋል፤ የሹመቱንና የትውልዱን ቆጠራ እየዘለለ ያነበዋል። በክፍል ውስጥ ንባቡን ያሰማሁበት ጊዜ ግን ሌላ ነው። አነጋገሩ በድምፅ ሲመጣ ተማሪው የሚያውቀውን ሰው ይሰማበታል። አንዱ አጎቱን፣ ሌላው የቀበሌ ሊቀ መንበሩን፣ ሌላው (አልደበቀኝም) አንድ መምህሩን አስታውሶ ይስቃል።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው፣ ንባቡ ፊታውራሪን አያላግጥባቸውም። በራሳቸው ክብር ሙሉ በሙሉ እንደሚያምን ሰው ሆኖ ነው የሚያነብላቸው። አላግጦባቸው ቢሆን ኖሮ አድማጩ ስቆ ይጨርሳቸውና፣ ኋላ ልጃቸው ላይ የሚደርሰው መከራ የእሳቸው ኩራት ውጤት መሆኑ ሳይሰማው ይቀር ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ የጻፉት የሚያስቅ ሰው ነው እንጂ የሚናቅ ሰው አይደለም፤ ወጋየሁ ይህን ልዩነት ጠብቆታል። ከዚያ ወዲህ በካሴት የመጡትን ቀልደኞች፣ እነ ተስፋዬ ካሣን፣ እነ አለባቸው ተካንና ልመነህ ታደሰን ሳነሣ፣ የእነሱ ጥበብ ሌላ ዓይነት መሆኑን እረሳለሁ ማለት አይደለም፤ የእነሱ ቀልድ በአጭር ጊዜ ተጀምሮ በአጭር ጊዜ ይፈታል። ወጋየሁ ግን ዛሬ ያሳቀውን ሰው ከብዙ ክፍል በኋላ ሊያስለቅሰው ይገባዋል፤ ስለዚህ ሳቁን በልኩ ያወጣዋል።

ሦስተኛው ነጥብ ወደ ራሱ ወደ ደራሲው ይመልሰናል። የእኛ ፊደል የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ እንደማይለይ የታወቀ ነው። «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የምንለው፣ አገባቡን ካላየን አይታወቅም። «እንግዳው ይበላል» የሚለው ዐረፍተ ነገር በአንድ አነባበብ እንግዳው ምሳ ሊበላ ነው፤ በሌላው አነባበብ ምሳው ራሱ እንግዳው ነው። የአማርኛ ቀልድና ቅኔ ግማሹ የሚኖረው በዚህች ልዩነት ላይ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ይህ ስላሳሰባቸው በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በሚጠብቁት ፊደላት ራስ ላይ ነጥብ አድርገዋል። በኋላ የመጡ ደራስያን ይህን ልማድ አልተከተሉትም፤ ተማሪዎቼም ነጥቡን ሲያዩ ብዙ ጊዜ የማተሚያ ቤት ጉድለት ይመስላቸዋል።

ነጥቡ ግን ትልቅ ነገር ይነግረናል። ደራሲው መጽሐፋቸው በድምፅ እንዴት መነበብ እንዳለበት እያሰቡ ነበር የጻፉት። ጽሑፉ የጆሮ ጽሑፍ ነው። በዲማ ቅኔ ቤት ያለፈውን በዛብህን የሚያህል ገጸ ባሕርይ የፈጠረ ሰው፣ አንድ ፊደል ጠብቆ ወይም ላልቶ ሲነበብ የሚፈርሰውንና የሚሠራውን ትርጉም ሳያውቅ አይቀርም። እንግዲህ የወጋየሁ ንባብ በመጽሐፉ ላይ ከውጭ የተጨመረ ጌጥ ሳይሆን፣ በነጥብ የተጀመረውን ሥራ በድምፅ የቀጠለ ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ይህን ክርክር ከሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ የሚቀበለኝ የለም። አንድ የማከብራቸው አንጋፋ መምህር ንባቡን በክፍል ማሰማቴን አይወዱትም። «ልጆቹ የራሳቸውን ጉዱ ካሣ እንዳይፈጥሩ አደረግህ» ይሉኛል። ተቃውሟቸው ቀላል አይደለም። መጽሐፉ ጉዱ ካሣን ለሰው ሁሉ ክፍት አድርጎ ትቶታል፤ እብድ ነው የሚለውም፣ ከሁሉ የበለጠ ጤነኛ ነው የሚለውም ማስረጃ ያገኝበታል። አንባቢ ድምፅ ሲሰጠው ግን አንዱን መርጦ ነው። እኔም ራሴ መጽሐፉን ዛሬ ሳነብ የወጋየሁ ድምፅ ከዐይኔ ቀድሞ ይመጣል፤ ልከልክለው ብል አልችልም። ይህ ኪሳራ ነው። ሆኖም ማንኛውም ትርጓሜ የሚያስከፍለው ኪሳራ ነው። ስለ ጉዱ ካሣ የሚጻፈው ሂስም እንዲሁ አንዱን መርጦ ሌላውን ይተዋል፤ ሂሱን በትርጓሜነት ተቀብለን በፈተና ላይ እንዲጠቀስ ስንፈቅድ፣ ንባቡን በመዝናኛነት ብቻ የምናየው ለምንድን ነው? በወረቀት ላይ ስላልሰፈረ ከሆነ፣ ሥነ ቃልን የሚያስተምር የትምህርት ክፍል ይህን ምክንያት ሊያቀርብ አይገባውም።

አንድ የራሴን ጥፋት እዚህ ልናዘዝ። በልጅነቴ እቤታችን ንባቡ የተቀዳባቸው ጥቂት ካሴቶች ነበሩ፤ አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ይከፍታቸው ነበር፤ ጎረቤትም ይመጣል። አሥራ አምስት ዓመት ግድም ሲሆነኝ ከሬዲዮ ዘፈን ለመቅዳት ባዶ ካሴት ቢጠፋብኝ ከእነዚያ አንዱን ወስጄ ቀዳሁበት። አባቴ በሳምንቱ ሲከፍት ፊታውራሪ ለዘመቻው እየተሰናዱ ሳለ ድንገት ዘፈን ገባ። አልተቆጣኝም። ካሴቱን አውጥቶ አየው፣ ገለበጠው፣ መለሰውና የቀረውን ዘመቻ በቃሉ ለጎረቤቶቹ ነገራቸው። ድምፁን እንደ ወጋየሁ አድርጎ። ማቆም ባለበት ቦታ ቆመ፤ ሳቁም በቦታው መጣ። ዛሬ ቅጂው በየስልኩ ስለሚገኝ ያች የጠፋች ክፍል የምታሳዝን አይደለችም። ነገር ግን በየስልኩ የሚዞረው ቅጂ የተቆራረጠና ድምፁ የሻገረ ነው፤ ትንፋሹና ዝምታው፣ እኔ እንደ ጽሑፍ ሊጠና ይገባል የምለው ነገር፣ መጀመሪያ የሚጠፋው በእንዲህ ዓይነቱ ቅጂ ላይ ነው። ጥርት ካለ ቅጂ ላይ ሠርቶ የዝምታዎቹን ርዝመት የሚለካ፣ ንባቡን ከታተመው ጋር መስመር በመስመር የሚያስተያይ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ተማሪ ባገኝ በደስታ አማክረዋለሁ።

ወደ ተማሪዋ ልመለስ። ጥያቄው «ከመጽሐፉ» ስለሚል፣ ባልተጻፈው ማስረጃ ላይ ነጥብ ልሰጣት አልቻልኩም፤ በሌላው መልሷ ግን ከክፍሉ ሁለተኛ ወጣች። በማግስቱ መጽሐፉን ከራሴ መደርደሪያ አውጥቼ አዋስኳት። ከወር በኋላ ስትመልስልኝ በመካከሉ የተጣጠፉ ወረቀቶች ነበሩበት፤ ወጋየሁ ቆም የሚልባቸውን ቦታዎች በእርሳስ እየለየች ገጻቸውን ጽፋባቸዋለች። አንዳንዶቹ ደራሲው ነጠላ ሰረዝ ያደረጉባቸው ናቸው። አብዛኞቹ ግን ምንም ምልክት የሌለባቸው ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ፈተና ጥያቄውን «ከመጽሐፉ ወይም ከሬዲዮ ንባቡ ማስረጃ እየጠቀሳችሁ» ብዬ አስተካከልኩት፤ አንጋፋው መምህር እስካሁን አልፈረሙልኝም።