የካ ተራራ ላይ የተፈለፈለው ቤት

አዲስ አበባ ልደቷን የምትቆጥረው ከ1879 ዓ.ም. ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍል ውሃ ወረዱ፣ ቤት አሠሩ፣ ቦታውን አዲስ አበባ አሉት፤ ይህን በትምህርት ቤት ያልሰማ የለም። ከመገናኛ ወይም ከኮተቤ መንገድ ላይ ቆሞ የካ ተራራን ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ግን፣ ከዚያ ልደት ብዙ መቶ ዓመት የሚቀድም የእጅ ሥራ በባሕር ዛፉ ውስጥ እንዳለ አብዛኛውን ጊዜ አያውቅም። ሥራው ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ዋሻ ሚካኤል ይባላል።

ስሙን ሰምቶ የሚወጣ ሰው ዋሻ ይጠብቃል። ዋሻ ግን ማንም ሳይቆፍረው የሚገኝ ነው። ላስታ ውስጥ ይምርሐነ ክርስቶስን ያየ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል፤ እዚያ ትልቅ የተፈጥሮ ዋሻ አለ፣ ቤተ ክርስቲያኑም በእንጨትና በድንጋይ ተገንብቶ በዋሻው ጥላ ሥር ቆሟል። የካ ላይ የሆነው ሌላ ነው። ሰዎች አንድ ወጥ አለት መረጡ፣ ከዚያም ቤት ያልሆነውን ሁሉ እየጠረቡ አወጡ። የቀረው ቤቱ ነው። ግድግዳው፣ አምዱና ወለሉ አንድ ድንጋይ ናቸው፤ በመካከላቸው ጭቃም ኖራም የለም።

ይህን አሠራር ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ግንበኛ ከመሠረት ይጀምራል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ በጣሪያ ይጨርሳል። ፈልፋይ ግን ከጣሪያው ይጀምራል። መጀመሪያ የአለቱን ራስ ያስተካክላል፤ ቀጥሎ ዙሪያውን ቦይ እያወረደ ቤቱን ከእናት አለቱ ይለያል፤ በመስኮትና በበር ቀዳዳ ገብቶም ሆዱን ያወጣል። መወጣጫ አያስፈልገውም፤ የሚቆመው ነገ በሚቆፍረው ድንጋይ ላይ ነው። ወለሉን የሚያየው በመጨረሻ ነው። ግንበኛ ቢሳሳት ድንጋዩን ነቅሎ ሌላ ይተካል፤ የፈልፋይ መሮ ግን አንድ ጊዜ አምዱን ከሸረፈው የሚመልሰው የለም። ስለዚህ ቤቱ ገና ድንጋይ ሳለ፣ ቅኔ ማኅሌቱ የት እንደሚያልቅ፣ መቅደሱ የት እንደሚጀምር፣ የትኛው አካል አምድ ሆኖ እንደሚቀር በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ተሠርቶ ማለቅ ነበረበት። ያን ሰው በስም አናውቀውም። እኔ ግን ከስንት ስመ ጥር መሐንዲስ እሱን አስቀድማለሁ።

ሥራው ሊሠራ የቻለው ምድሩ ስለፈቀደ ነው። እንጦጦና የካ የእሳተ ገሞራ ልጆች ናቸው። ከእንዲህ ያለ ምድር የሚወጣው ድንጋይ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዳንዱ መሮ የሚሰብር ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ በትዕግሥት ለሚጠርበው እሺ ይላል። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ አዳዲ ማርያም፣ በስተ ሰሜን ላሊበላ በእንዲህ ያለ እሺ ባይ አለት ላይ የወጡ ሥራዎች ናቸው። የላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት በ1978 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ ዓለም ያውቃቸዋል። ዋሻ ሚካኤል ግን የዚያው ቤተሰብ ልጅ ሆኖ፣ ከአገሪቱ ዋና ከተማ ሳይወጣ፣ የሚያውቀው ጥቂት ነው።

ሰው ምድርን ፈልፍሎ መግባት የጀመረው እዚህ ብቻ አይደለም። በደቡብ እስፔን፣ በግራናዳ አውራጃ፣ ጓዲክስ የምትባል ጥንታዊ ትንሽ ከተማ አለች። ወደ ግራናዳ የሚሄድ ጎብኚ አብዛኛው የአልሐምብራን ቤተ መንግሥት አይቶ ይመለሳል እንጂ ወደዚህች አይዞርም። ስሟ «ዋዲ አሽ» ከሚለው የዓረቦች ዘመን አጠራር የመጣ ነው። በዚያች ከተማ ወደ 2000 የሚጠጉ ቤቶች በኮረብታ ሆድ ውስጥ ናቸው። ከውጭ የሚታየው በኖራ የተለቀለቀ ነጭ ፊትና በር ብቻ ነው፤ ከኮረብታው አናት ላይ ደግሞ ነጫጭ የጭስ ማውጫዎች እንደ እንጉዳይ ብቅ ብቅ ብለዋል። ሰው በሰው ቤት ጣሪያ ላይ እየተራመደ ያልፋል። እዚያ የሚቆፈረው አለት አይደለም፤ ሸክላ አፈር ነው። በዶማ ሲቆፈር ይለሰልሳል፣ ነፋስ ሲያገኘው ይጠነክራል፣ ዝናብም ቶሎ አያሳልፍም። አፈሩ ወፍራም በመሆኑ የበጋው ቃጠሎ ወደ ውስጥ ሳይደርስ ይመሻል፣ የክረምቱም ውርጭ እንዲሁ፤ የውስጡ ሙቀት ዓመቱን ሙሉ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ አካባቢ ይቆያል። ልጅ ሲወለድ ወይም ሲያገባ አንድ ክፍል ወደ ውስጥ መጨመር ነው።

ልዩነቱ የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው። ጓዲክሶች ምድሩን የፈለፈሉት ሊኖሩበት ነው፤ የእኛዎቹ ግን ለራሳቸው የእንጨትና የጭቃ ጎጆ ቀልሰው፣ ዕድሜ ልክ የሚያደክመውን ሥራ ለእግዚአብሔር ቤት አደረጉት። ጎጆዎቹ የሉም። የት እንደነበሩ እንኳ ማሳየት አይቻልም። ላሊበላ ብንሄድ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ባለው የቦይ ግድግዳ ላይ ሰው የሚያስገቡ ትንንሽ ጉድጓዶች እናያለን፤ የባሕታውያን ማደሪያና የሙታን ማረፊያ ናቸው። ከዚህ ውጭ ፈልፋዮቹ ለገዛ ጎናቸው ድንጋይ አልቆረጡም ማለት ይቻላል።

ዋሻ ሚካኤል መቼ ተሠራ? የአካባቢው አባቶች ወደ ጥንት፣ እስከ ነገሥታቱ አብርሃና አጽብሐ ዘመን ድረስ ይወስዱታል። የታሪክ ሰዎች ደግሞ አሠራሩን ከሌሎቹ ጋር አስተያይተው ወደ 12ኛው ምዕተ ዓመት አካባቢ ያቀርቡታል። የኋለኛውን ብንይዝ እንኳ ከአዲስ አበባ ምሥረታ ወደ 700 ዓመት ይርቃል። ይህ ለብቻው የቆመ ነገር አይደለም። የቬኒሱ መነኩሴ ፍራ ማውሮ በ15ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በሣለው የዓለም ካርታ ላይ በረራ የምትባል የኢትዮጵያ ከተማ ትታያለች፤ ተመራማሪዎች ቦታዋን በእነዚሁ ተራሮች አካባቢ ይፈልጋሉ። የከተማዋ ሰዎች በ16ኛው ምዕተ ዓመት ጦርነት ተበተኑ፤ ደጋው ለረጅም ዘመን ነገሥታት የማይከትሙበት አገር ሆነ። ዳግማዊ ምኒልክ እንጦጦ ላይ ሲከትሙ የአባቶቻቸውን ከተማ እንደሚፈልጉ የሚነገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ «ጫካ የነበረ ቦታ ከተማ ሆነ» የሚለው የለመድነው ትረካ ግማሽ ነው። ተመራማሪዎቹ ልክ ከሆኑ፣ ከተማ የነበረ ቦታ ጫካ ሆኖ፣ ዳግመኛ ከተማ ሆኗል።

የአሁኑ ጫካ ራሱ እንግዳ ነው። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ፈልፋዮቹ ይህን ሽታ አያውቁትም። በእነሱ ጊዜ ተራራው ጽድና ወይራ ለብሶ እንደነበረ መገመት ይቻላል።

እኔ የወጣሁት ዝናቡ በወጣ ማግስት፣ በጥቅምት ነው። መንገዱ ዳገት ነው፤ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ጥግ ይዞ ማሳለፍ ግድ ይላል። አጠገቡ እስኪደረስ ድረስ የሚታይ ነገር የለም። ቤቱ ወደ ታች የተሠራ ስለሆነ ጉልላት አይፈለግም፤ መሬቱ ድንገት ይከፈትና የግድግዳው አናት ከእግር በታች ይገኛል። ጫማ አውልቆ ሲገባ የመጀመሪያው ነገር ብርሃን ነው፤ ይህም ሊሆን የማይገባው ነው። ፍልፍል ቤት ውስጥ ጨለማ መኖር ነበረበት። ጣሪያው ጉዳት ስለደረሰበት ሰማዩ ገብቷል። አባቶች ጉዳቱን ከጣሊያን ወረራ ጋር ያያይዙታል።

ጣሪያ የሌለው ፍልፍል ቤት ትልቁ ጠላቱ ውሃ ነው። የላሊበላ ፈልፋዮች ይህን አውቀው የጣሪያውን ራስ አዘንብለዋል፣ ቦዮቹ ውሃውን ተቀብለው ወደ ውጭ እንዲያወርዱ ቆርጠዋል። ጣሪያው ሲሄድ ያ ሁሉ ስሌት ይፈርሳል። ዝናቡ በቀጥታ ወለሉ ላይ ይወርዳል፣ የሚወጣበት አጥቶ ይተኛል፤ ድንጋዩ ይጠጣዋል፣ ሽበት ያበቅላል፣ ላዩ እንደ ቅርፊት ይላጣል። መሮ በዓመታት ያወጣውን ቅርጽ ውሃ ያለ ድምፅ ያለሰልሰዋል። የባሕር ዛፍ ሥርም ስንጥቅ ካገኘ አይመለስም።

መድኃኒቱም ቀላል አይደለም። ላሊበላ ላይ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የቆሙት ትልልቅ መጠለያዎች ዝናቡን ከልክለዋል፤ ነገር ግን ክብደታቸውና በነፋስ መነቃነቃቸው ከተማውን ለዓመታት ሲያስጨንቅ ኖሯል። ለየካው ቤት የሚሆነው ከዚህ ያነሰ፣ የቀለለና በየጊዜው የሚታይ ነገር ይመስለኛል፦ ቦዩን መጥረግ፣ ውሃውን ማስወጣት፣ በአቅራቢያው ያሉትን ዛፎች ማራቅ፣ አለቱን የሚያውቅ ባለሙያ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ እንዲያየው ማድረግ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ እንጦጦ ፓርክ ሰዉን ወደ ተራራው አስለምዶታል፤ በሳምንት መጨረሻ ወጣቱ በቡድን በቡድን ይወጣል። ከእነዚህ ጥቂቱ እንኳ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ የካ ጫፍ ቢዞር እወዳለሁ።

መሄድ ለሚያስብ ሰው፣ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ጥሩ ነው፤ ምድሩ ይደርቃል፣ ሰማዩም ጥርት ይላል። ብቻን ከመውጣት ከጓደኛ ጋር፣ መንገዱን ለሚያውቅ የሰፈር ሰውም ትንሽ ሰጥቶ መሄድ ይሻላል። ጠዋት ሲሆን ፀሐይ ከምሥራቅ አግድም ትገባና በግድግዳው ላይ የመሮውን ዱካ ታወጣዋለች። አጭር አጭር፣ እርስ በርሱ የተጠጋ፣ ወደ አንድ ጎን ያዘመመ ጭረት ነው። እጅ ቢዘረጋበት አንዱ ጭረት ከአንድ ጣት አይረዝምም።