«ነፃ»፣ «ክፍት» እና «ሽግግር»፤ ስለ ሥርዓተ ክወና ለውጥ የሚነገሩ ቃላት አተረጓጎም

1. መግቢያ

አንድ መሥሪያ ቤት በኮምፒዩተሮቹ ላይ ሲሠራበት የኖረውን የንግድ ሥርዓተ ክወና ትቶ ምንጩ ክፍት ወደ ሆነ ሌላ ሥርዓተ ክወና ለመሸጋገር ሲያስብ፣ ጉዳዩ የባለሙያዎች ብቻ ሆኖ አይቀርም። የጨረታ ሰነድ ይዘጋጃል፤ የፈቃድ ውል ይመረመራል፤ ለሠራተኞች መማሪያ ይጻፋል። እነዚህ ሰነዶች በአብዛኛው ከእንግሊዝኛ የሚመለሱ ስለ ሆኑ፣ ውሳኔ ሰጪው ነገሩን የሚያውቀው ተርጓሚው በመረጠለት ቃል አማካይነት ነው። ስለዚህ ቃሉ ሲዛባ ውሳኔውም አብሮ የሚዛባበት ጊዜ አለ።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላቆመ፣ ጥያቄው በብዙ አገሮች እንደገና ተነሥቷል። በዚህ ጽሑፍ በጉዳዩ ላይ ዘወትር ከሚያጋጥሙት ቃላት ዋና ዋናዎቹን መርምረን፣ የምንደግፈውን አማራጭ ከነምክንያቱ እናቀርባለን። ለማስረጃነት የምንወስደው የጀርመኗን የሙኒክን ከተማ ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

2. የሙኒክ ሽግግር ባጭሩ

የሙኒክ ከተማ አስተዳደር ይጠቀምበት የነበረው ዊንዶውስ ኤንቲ 4 የአምራቹ ድጋፍ ሊቋረጥበት በተቃረበ ጊዜ፣ የከተማው ምክር ቤት በግንቦት ወር 2003 ወደ 14,000 የሚደርሱ ኮምፒዩተሮቹን ወደ ሊኑክስ ለማሸጋገር በመርሕ ደረጃ ወሰነ። ከውሳኔው በፊት አምራቹ ዋጋውን ቀንሶ ነበር፤ የማይክሮሶፍት ዋና ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ስቲቭ ባልመርም ከከንቲባው ከክርስቲያን ኡደ ጋር ለመነጋገር ራሳቸው ወደ ከተማይቱ ሄደው ነበር። ለምክር ቤቱ የቀረበው ጥናት እንዳመለከተው፣ በወጪ በኩል ብቻ ሲታይ ሊኑክስ ብልጫ አልነበረውም። ምክር ቤቱ የመረጠው ከተማይቱ በአንድ ሻጭ ፈቃድ ላይ ጥገኛ ሆና እንዳትቀር በማሰብ ነው።

ውሳኔው በ2004 ጸንቶ፣ ኮምፒዩተሮቹን የመለወጡ ሥራ በ2006 ተጀመረ። ሥራው ተፈጸመ በተባለበት በ2013 መጨረሻ፣ ሊሙክስ በተባለው የከተማይቱ የራሷ የሊኑክስ ጥንቅር የሚሠሩት ኮምፒዩተሮች ወደ 15,000 ይጠጉ ነበር። ሆኖም በኅዳር ወር 2017፣ ዲተር ራይተር ከንቲባ በነበሩበት ዘመን፣ ምክር ቤቱ ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነ። በ2020 አዲስ የተጣመሩት ፓርቲዎች ደግሞ በተቻለ መጠን ክፍት ለሆነው ሶፍትዌር ቅድሚያ እንዲሰጥ ተስማሙ።

ከዚህ ታሪክ ለቃላት ሥራ ሁለት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛው፣ ምርጫው በርካሽነት ላይ የተመሠረተ አልነበረም። ሁለተኛው፣ ለውጡ አሥር ዓመት የፈጀና ከተፈጸመም በኋላ ሊቀለበስ የሚችል ነበር። ከዚህ ቀጥሎ የምንመረምራቸው ቃላት እነዚህን ሁለት ነገሮች መግለጽ መቻል አለባቸው።

3. «ነፃ»

«ፍሪ» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል ሁለት ትርጉም አለው፤ አንዱ ዋጋ የማይከፈልበት ማለት ሲሆን፣ ሁለተኛው በሌላ ወገን ያልታሰረ ማለት ነው። ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 የግኑን ሥራ ሲያስታውቅና በ1985 የፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽንን ሲመሠርት ቃሉን የወሰደው በሁለተኛው ትርጉሙ ነው። ድርጅቱ ለተጠቃሚው የሚጠይቃቸው ነፃነቶች አራት ናቸው፤ ይኸውም ፕሮግራሙን ለማንኛውም ዓላማ ማሠራት፣ አሠራሩን አጥንቶ እንደ ፍላጎት መለወጥ፣ ቅጂውን ለሌላ ማካፈል፣ እንዲሁም የለወጡትን ቅጂ ማሠራጨት ነው። ከአራቱ አንዱም ስለ ዋጋ አይናገርም። ፈረንሳይኛ ሁለቱን ትርጉሞች «ሊብር» እና «ግራትዊ» ብሎ ስለሚለይ ችግሩ አይደርስበትም።

የአማርኛው «ነፃ» ግን እንደ እንግሊዝኛው ሁለቱንም ይሸከማል። «ነፃ አገር» ስንል በማንም ያልተገዛ ማለታችን ነው፤ «ነፃ ሕክምና» ስንል ያለ ክፍያ የሚሰጥ ማለታችን ነው። «በነፃ» የሚለውም «ዳኛው በነፃ አሰናበተው» ከሚለው የፍርድ ቤት አነጋገር በቀር፣ በዕለት ተዕለት ንግግር ያለ ክፍያ ማለት ሆኖ ቀርቷል። በዚህም ምክንያት «መሥሪያ ቤቱ ነፃ ሶፍትዌር እንዲጠቀም ተወስኗል» የሚል ቃለ ጉባኤ በሂሳብ ክፍል ቢነበብ፣ ለሥልጠና፣ ለጥገናና ለባለሙያ ሊመደብ የሚገባው ገንዘብ አላስፈላጊ መስሎ ሊሠረዝ ይችላል። ከዚያ በኋላ ለሚደርሰው ውድቀት የሚወቀሰው ሶፍትዌሩ ይሆናል።

መፍትሔው በቋንቋው ውስጥ አለ። «በነፃ መጠቀም» እና «በነፃነት መጠቀም» የሚሉትን ብናስተያይ፣ «-ነት» የተባለው ምዕላድ ሲጨመር የዋጋው ትርጉም ፈጽሞ ይጠፋል። ስለዚህ ለድርጅቱ ትርጉም «ነፃነት ሰጪ ሶፍትዌር» እንዲባል እንደግፋለን። «አገልግሎት ሰጪ»፣ «ፈቃድ ሰጪ» ከሚሉት ጋር በአሠራር አንድ ስለ ሆነ ለጆሮ እንግዳ አይደለም፤ ነፃነቱም የተጠቃሚው እንጂ የዕቃው አለመሆኑን ያሳያል። ዋጋ ለማይጠየቅበት ደግሞ «ያለ ክፍያ የሚሰጥ» ማለት ይበቃል። «አርነት» የሚለውም ሊታሰብ ይችል ነበር፤ ነገር ግን ከባርነት ከመውጣት ጋር ተያይዞ የኖረ ቃል በመሆኑ ለጨረታ ሰነድ ይከብዳል።

4. «ክፍት ምንጭ»

በእንግሊዝኛ «ኦፕን ሶርስ» የሚለው ስያሜ የተወለደው በየካቲት ወር 1998 በካሊፎርኒያ በፓሎ አልቶ ከተማ በተደረገ ስብሰባ ነው። ስያሜውን ያቀረበችው ክሪስቲን ፒተርሰን ስትሆን፣ አንዱ ምክንያት ከላይ የተመለከትነውን የ«ፍሪ»ን አሻሚነት ለማምለጥ ነበር። ምንጩ የተባለው ፕሮግራም ጸሐፊው ሰው ሊያነበው በሚችል መልክ የሚጽፈው ጽሑፍ ነው። ይህ ጽሑፍ ወደ መኪናው ትእዛዝ ተለውጦ ይሠራበታል፤ ምንጩን የሚዘጋ ሻጭ ለገዢው የሚሰጠው ይህን የተለወጠውን ብቻ ነው።

በአማርኛ «ክፍት ምንጭ» የሚለው ቃል በቃል ትርጉም ተለምዷል። ሆኖም ሁለት እንቅፋቶች አሉበት። የመጀመሪያው የትርጉም ነው። በውሃ ሥራ «የጎለበተ ምንጭ» የሚባለው ዙሪያው ተገንብቶና ተከድኖ ከብክለት የተጠበቀው ነው፤ ክፍት ሆኖ የቀረው ግን ከብት የሚጠጣበት፣ ጎርፍ የሚገባበት ነው። አንባቢው ይህን ሥዕል ይዞ ከመጣ ክፍትነቱን ጥበቃ እንደ ማጣት ይቆጥረዋል። ሁለተኛው እንቅፋት የሰዋስው ነው። «ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር» ሲባል ስሞቹ በእንግሊዝኛ ሥርዓት ተደርድረዋል እንጂ አልተሳሰሩም፤ «ክፍት» የሚገልጸው ምንጩን ይሁን ሶፍትዌሩን አይታወቅም።

አማርኛ ከግእዝ የወረሰው ለዚህ የሚስማማ ቅርጽ አለው። «ልበ ሙሉ»፣ «ዓይነ ስውር»፣ «አንደበተ ርቱዕ» ስንል፣ ልቡ የሞላ፣ ዓይኑ የታወረ፣ አንደበቱ የቀና ማለታችን ነው፤ የተገለጸው ባለቤቱ እንጂ የአካሉ ክፍል አይደለም። በዚሁ መንገድ «ምንጨ ክፍት ሶፍትዌር» ቢባል፣ ምንጩ ለሁሉ የተከፈተለት ሶፍትዌር ማለት ይሆናል። የውሃውም ሥዕል ይርቃል፤ ተቃራኒውም «ምንጨ ዝግ» ተብሎ ያለ ችግር ይወጣል። በሰነዱ መጀመሪያ ላይ «ምንጭ» ሲባል የፕሮግራሙ መነሻ ጽሑፍ መሆኑን አንድ ጊዜ ማስታወቅ ግን አይዘነጋ።

5. «የንግድ» እና «የባለቤትነት»

ተርጓሚዎች «ፕሮፕራይተሪ» የሚለውን አንዳንድ ጊዜ «የንግድ»፣ አንዳንድ ጊዜ «የባለቤትነት» ይሉታል። ሁለቱም ከተቃራኒው አይለዩትም። ሬድ ሃት የተባለው ኩባንያ ምንጨ ክፍት ሶፍትዌርን ከድጋፍ ጋር እየሸጠ አድጎ፣ በ2019 አይቢኤም በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል፤ ስለዚህ ምንጨ ክፍትም የንግድ ሊሆን ይችላል። ባለቤትነትም እንዲሁ ነው። በ1989 የወጣው የግኑ ጠቅላላ የሕዝብ ፈቃድ የሚጸናው በቅጂ መብት ላይ በመሆኑ፣ ባለመብት ከሌለ ፈቃዱም ውል ሊሆን አይችልም። ስለ ሽያጭ በሚነገርበት ቦታ «የንግድ» ይባል፤ ስለ ምንጩ በሚነገርበት ቦታ ግን «ምንጨ ዝግ» የሚለው ትክክለኛው ነው። ዊንዶውስ ሁለቱንም በመሆኑ ልዩነቱን ሊሸፍንብን አይገባም።

6. «አስኳል» እና «ጥንቅር»

«ሥርዓተ ክወና» የሚለው፣ «ከወነ» ከሚለው ግሥ የወጣና በዘርፍ አያያዝ የተሠራ ቃል ሲሆን፣ በአገልግሎት ስለ ጸና መለወጥ አያስፈልገውም። ሊኑክስ ግን በጥብቅ ሲታይ ሙሉ ሥርዓተ ክወና አይደለም። ሊኑስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1991 የጀመረው የሥርዓቱን ውስጠኛ ክፍል ነው፤ ይህም የመኪናውን ጊዜ፣ ማኅደረ ትውስታና መሣሪያዎች ለፕሮግራሞች የሚያከፋፍለው ነው። ለዚህ «አስኳል» የሚለው የታወቀ ቃል ይስማማል።

አስኳሉን ከሌሎች ብዙ ፕሮግራሞች ጋር አሰባስበው የሚያቀርቡት እንደ ዴብያን (1993) እና ኡቡንቱ (2004) ያሉት «ስርጭት» ሲባሉ ይታያል። «ስርጭት» በሬዲዮና በቴሌቪዥን የተያዘ ቃል ከመሆኑም በላይ፣ የሚያመለክተው ማዳረሱን እንጂ ማሰባሰቡን አይደለም። ስለዚህ «ጥንቅር» የሚለውን እንመርጣለን።

7. «ሽግግር»

«መቀየር» እንደ ጎማ ወይም እንደ አምፑል ባንድ ጊዜ ለሚፈጸም ሥራ ነው። «ፍልሰት» የሰውን መሰደድ ወይም በቤተ ክርስቲያን አነጋገር የዐፅምን መዛወር ያስታውሳል። በሙኒክ የታየው ሥራ ግን ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን ያቀፈ ነበር፤ እነርሱም ሰነዶችን ማዛወር፣ ፕሮግራሞችን መተካት፣ ሠራተኞችን ማላመድ ናቸው። ከተማይቱ በየክፍሉ ተበታትነው የነበሩትን የደብዳቤና የቅጽ ናሙናዎች ለማስተካከል ቮልሙክስ የተባለ የራሷን ፕሮግራም እስከ መሥራት ደርሳለች። በ2016 ለከተማይቱ የቀረበ የውጭ ጥናትም ከቴክኒኩ ይልቅ የአደረጃጀቱን ጉድለት አጉልቶ አመልክቷል። ስለዚህ ጠቅላላው ሥራ «ሽግግር»፣ የፋይሉ ሥራ «ማዛወር»፣ ወደ ቀድሞው መሄድ «ምልሰት» ቢባል ክፍሎቹ አይቀላቀሉም። የጀርመኑ የሽሌስቪግ ሆልስታይን ክፍለ ግዛት በሚያዝያ ወር 2024 ወደ 30,000 በሚሆኑ የሥራ ቦታዎች ላይ በመጀመሪያ ሊብረ ኦፊስ የተባለውን የቢሮ ፕሮግራም ለማስገባት፣ ሊኑክስን ግን በቀጣዩ ደረጃ ለማድረግ መወሰኑን አስታውቋል፤ «መቀየር» ብሎ የሚተረጉም ሰው ሁለቱን ደረጃዎች ባንድ ቃል ያጠፋቸዋል።

የማዛወር ነገር ለአማርኛ ጸሐፊ እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 በ1999 የጋራ ቁጥር ከማግኘቱ በፊት፣ እያንዳንዱ ቅርጸ ቁምፊ ፊደላቱን በራሱ ቁጥር ያስቀምጥ ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ቅርጸ ቁምፊ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ አይነበብም ነበር። የእንዲህ ዓይነት ሰነድ ባለቤት ጽሑፉ የራሱ ቢሆንም ለማንበብ የሌላ ዕቃ እጅ ይጠብቃል። በዚህ ዓይነት የተጻፉ አሮጌ ፋይሎች ያሉት መሥሪያ ቤት፣ ሥርዓተ ክወናውን ከመለወጡ አስቀድሞ ጽሑፎቹን ወደ ዩኒኮድ ማዛወር ይገባዋል።

8. ማጠቃለያ

እንግዲህ የምናቀርባቸው አማራጮች እነዚህ ናቸው፤ ለመብቱ «ነፃነት ሰጪ»፣ ለዋጋው «ያለ ክፍያ የሚሰጥ»፣ ለመነሻ ጽሑፉ ሁኔታ «ምንጨ ክፍት» እና «ምንጨ ዝግ»፣ ለውስጠኛው ክፍል «አስኳል»፣ ለስብስቡ «ጥንቅር»፣ ለጠቅላላው ሥራ «ሽግግር»፣ ለፋይሉ «ማዛወር»፣ ወደ ቀድሞው ለመሄድ «ምልሰት»። ቃል የሚጸናው በተጠቃሚው አፍ ስለ ሆነ፣ «ክፍት ምንጭ» የሚለውን የለመደ ሁሉ ባንድ ቀን ይተወዋል ብለን አንጠብቅም። በጨረታ ሰነድ፣ በፈቃድ ውልና በቃለ ጉባኤ ግን የዋጋና የመብት ልዩነት መጥፋት የለበትም። ተርጓሚው ሌላ ቃል ቢመርጥም ይህን ልዩነት ጠብቆ እንዲያሳልፍ አደራ እንላለን።