ሊድ ሙጫ አይደለም

ቡሄ ሲቃረብ ደብረ ታቦር ላይ የማይክ ገመድ መበጠሱ የተለመደ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሲጎተትና ሲጠመዘዝ ከርሞ ልክ ነሐሴ 12 ማታ ያልቅለታል። አምና አንድ ልጅ ጃኩን በፌስታል ጠቅልሎ መጣና «ጋሼ፣ ሞንታርቦው እምም ይላል እንጂ ድምፅ የለውም፤ ትናንት ራሴ በይጄው ነበር» አለኝ። ክዳኑን ስፈታው አተር የሚያክል ግራጫ የሊድ ድቡልቡል አገኘሁ። በጥፍሬ ነካ ባደርገው ከነሽቦው ተነሣ።

ጃክ ራሱ ምንም አያስቸግርም። የኤርፎኑ 3.5፣ የሞንታርቦው 6.35 ሚሊ ሜትር ነው። በስቴሪዮ ጃክ ጫፉ የግራ፣ ቀለበቱ የቀኝ፣ ግንዱ ደግሞ ግራውንድ ነው። እምም የሚለውም ብዙ ጊዜ ግራውንዱ ሲላቀቅ ነው። የኤርፎን ሽቦ ባለቀለም ቫርኒሽ የተቀባ ስለሆነ ሳይፋቅ ሊድ አይቀበልም።

የልጁ ጥፋት ግን የብዙ ሰው ጥፋት ነው፤ ሊድን እንደ ሙጫ ያያል። በጋለው ብረት ጫፍ ላይ ያቀልጠውና እንደ ማንኪያ ተሸክሞ ቀዝቃዛ ሽቦ ላይ ያንጠባጥበዋል። በሊዱ ሆድ ውስጥ ያለው የጥድ ሙጫ፣ ዝገቱን እንዲያጸዳ የተቀመጠው፣ መንገድ ላይ ተቃጥሎ ያልቃል። ሊዱም ጎመን ቅጠል ላይ እንዳረፈ ውኃ ተድቦልቡሎ ይቀራል። መጋል ያለበት ሽቦውና የጃኩ ምላስ ነው። ብረቱን ለሁለቱም አስነክታችሁ ሁለት ሦስት ሰከንድ ጠብቁ፤ ከዚያ ሊዱን ብረቱን ሳይሆን ሽቦውን አስነኩት። ሰዓቱ ከደረሰ ራሱ ስርግ ብሎ ይገባል።

ስርግ የሚለው በሊዱ ውስጥ ያለው ቆርቆሮ መዳቡን ስለሚነክሰው ነው። በመካከላቸው ከፀጉር የቀጠነ፣ መዳብና ቆርቆሮ የተዋሐዱበት ንጣፍ ይፈጠራል። መዳብና ቆርቆሮ ሲቀላቀሉ ደግሞ ነሐስ ነው። ከዚህ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ ያለው ጋፋት፣ የዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ባለ እጆች በ1850ዎቹ መጨረሻ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን የነሐስ መድፍ፣ ሴባስቶፖልን፣ ያቀለጡበት ቦታ ነው። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። ጃኩ ውስጥ ያለው ንጣፍ ነሐስ ነው ባልልም የነሐስ ዘመድ ነው። ልጁን ይህን ስነግረው ሳቀብኝ፤ እኔ ግን የምሬን ነው።

ሌላው ደግሞ «የጉና ተራራ ብርድ ሊድ አያስይዝም» ይላል። እኛ ያለንበት ከፍታ 2,700 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውኃ 91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ባቄላችን አልበስል የሚለውም ለዚህ ነው። መቅለጥ ግን ከፍታ አያውቅም። ቆርቆሮ ብቻውን በ232፣ እርሳስ ብቻውን በ327 ዲግሪ ይቀልጣሉ፤ 60 በ40 ተቀላቅለው ሊድ ሲሆኑ ግን፣ ነገሩ ሁሌም ይገርመኛል፣ ገና በ183 መቅለጥ ይጀምራሉ። ምጽዋም ብትሄዱ ያው 183 ነው። ንፋስ ካስቸገራችሁ መስኮቱን ዝጉ እንጂ ተራራውን አትውቀሱ።

እጅ ሲያንሳቸው ሊዱን በጥርሳቸው የሚይዙ ልጆችም አሉ። እርሳስ መርዝ ነው! እጃችሁን በሳሙና ሳትታጠቡ እንጀራ አትንኩ።

የዚያን ማታ የልጁን ጃክ እንደገና በየድኩለት። የሚያብለጨልጭ፣ ሽቦው በስሱ የሚታይበት፣ ያማረ ሥራ። ቀና ስል ክዳኑ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሏል፤ ገመዱ ላይ ሳላስገባው ኖሯል። ከሌላው ጫፍ እንዳላስገባውም በዚያ በኩል ሌላ ጃክ አለ። አፍሬ ሁሉንም ነቀልኩት። እናንተ ክዳኑን አስቀድማችሁ አስገቡ።