ድልድዩ ሥር ያለችው ወፍ ማን ናት?

ከአፍንጮ በር ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ስትወርዱ ቆም ብላችሁ ወንዙን አይታችሁት ታውቃላችሁ? ብዙዎቻችን ሽታውን ሸሽተን ፈጠን ብለን ነው የምናልፈው። ባለፈው ጥር እኔ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆሜ ነበር። ድንጋይ ላይ ጀርባዋ ቡናማ፣ ሆዷ ነጭ የሆነ ትንሽ ወፍ ቆማ ቂጧን ወደ ላይ ወደ ታች ታወዛውዛለች። ፎቶ አነሳሁና "ግሪን ሳንድፓይፐር" ብዬ ለጠፍኩ።

ተሳስቼ ነበር። ኮመን ሳንድፓይፐር ናት።

በእኛ ሰፈር አፍ ሁሉም "የውሃ ወፍ" ነው፣ እዚያው ያልቃል። ግን ከአውሮፓና ከሳይቤሪያ ብርዱን ሸሽተው ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ድረስ እኛ ጋ የሚከርሙት የውሃ ዳር ወፎች ብዙ ዓይነት ናቸው። ችግሩ ደግሞ ብዙዎቹ ደማቁን ላባቸውን የሚለብሱት እዚያ ሲራቡ ነው። እኛ ጋ ሲደርሱ ግራጫና ቡናማ ሆነው ይመሳሰላሉ።

እኔን ያሳሳተኝ ውዝዋዜው ነው። ኮመን፣ ግሪንና ውድ ሳንድፓይፐር ሦስቱም ቂጣቸውን ያወዛውዛሉ፤ ኮመኗ ግን ጭራሽ አታርፍም። እሷን የሚለየው ትከሻዋ ነው፦ የሆዷ ነጭ በደረቷና በክንፏ መሃል ሽቅብ ይገባል። ስትበርም ውሃውን ልትነካ ምንም አይቀራት፣ ክንፏን ግትር አድርጋ ቶሎ ቶሎ ነው የምትመታው፣ ክንፏ ላይም ነጭ መስመር ይታያል። ግሪኗ ከላይ ጥቁር ልትባል ትንሽ የቀራት ናት፤ ስትነሳ ከጭራዋ በላይ ነጭ ቦግ ይላል፣ የክንፏ ሥር ግን ጥቁር ነው። ውዷም ከጭራዋ በላይ ነጭ አላት፤ ነገር ግን የክንፏ ሥር ገርጣ ያለ ነው፣ ጀርባዋ ነጠብጣብ የበዛበት፣ ከዓይኗ ኋላ ድረስ የሚሄድ ረጅም ነጭ ቅንድብ ያላት፣ እግሯም ቢጫ ቢጤ ነው።

እግር ያልኩት ላይ ግን ተጠንቀቁ። ጭቃ የነካው ቢጫ እግር ጥቁር ይመስላል። ገፈርሳ ወይም አቃቂ ሄዳችሁ ከ13 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የማትበልጥ ሚጢጢ ወፍ ብታዩ፣ ሊትል ስቲንት (ጥቁር እግር) ትሁን ቴሚንክስ ስቲንት (ቢጫ እግር) የምታውቁት አንዱ በእግሯ ነው፤ ጭቃ ካለ ግን ጉድ ፈላ። ራፍ የምትባለው ደግሞ ሌላ ጣጣ አላት፦ ወንዱ ከሴቷ በጣም ስለሚበልጥ አንዱን ዓይነት ሁለት አድርጋችሁ ትቆጥራላችሁ።

"ታዲያ ብንሳሳትስ?" የሚል አይጠፋም። ምንቃረ ቀጭኗን ከርሉ እንይ። ከሌሎች ከርሉዎች ጋር በጣም ትመሳሰል ስለነበር፣ አየኋት የሚል ወሬ ለዓመታት ቢመጣም ማረጋገጥ አልተቻለም። ያለ ጥርጥር የታየችው ለመጨረሻ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1995 ሞሮኮ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ጠፍታለች ብሎ መዘገባት። በየዓመቱ ጥር ላይ በአፍሪካ የሚካሄደው የውሃ ወፎች ቆጠራም የሚቆመው በሰው ዓይን ላይ ነው። ቆጣሪው ከተሳሳተ፣ እየመነመነች ያለችው ወፍ በዘመዷ ቁጥር ውስጥ ትደበቃለች።

ስልክ ያላችሁ ከፎቶ ይልቅ ቪዲዮ ቅረጹ። መለያው ብዙ ጊዜ ያለው ክንፉ ሲዘረጋ ነው፣ ያ ደግሞ የሰከንድ ነገር ነው። መርሊን የሚባለው ነፃ አፕ ያግዛል፣ ሩቅና ድፍን ያለ ፎቶ ከሰጣችሁት ግን እሱም ይገምታል። ኢበርድ ላይ የምትመዘግቡ ከሆነ ደግሞ ዓይነቱ ያልተለየ ሳንድፓይፐር ብሎ ማስገባት ይቻላል፤ ነውር አይደለም።

እኔም ያንን ፖስት አላጠፋሁትም። ስሙን አስተካክዬ፣ ስትነሳ የቀረጽኳትን ቪዲዮ ቀስ አድርጌ ሥሩ ለጠፍኩት፤ ነጩ የክንፍ መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል።