ድባቴ

ድባቴ ለሳምንታትና ለወራት የሚቆይ ሐዘን፣ የፍላጎት መጥፋትና ተስፋ መቁረጥ የሚታይበት፣ እንቅልፍን፣ የምግብ ፍላጎትን፣ ሐሳብንና የሰውነት ጉልበትን አብሮ የሚለውጥ የአእምሮ ሕመም ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት ከ280 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይህ ሕመም አለባቸው፤ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል። ሕመሙ ይታከማል። ብዙ ሰው ሳይድን የሚቆየው ግን ሕክምና በመጥፋቱ ብቻ አይደለም፤ ሕመሙ መኖሩ ሳይታወቅ ስለሚቀር፣ ከታወቀም በኋላ ሕክምናው በመሐል ስለሚቋረጥ ጭምር ነው።

ስሙ

«ድባቴ» የሚለው ቃል በሕክምና ጽሑፎችና በመገናኛ ብዙኃን እየተለመደ የመጣው በቅርብ ዘመን ነው። ቀደም ሲል «የመንፈስ ጭንቀት» ይባል ነበር፤ ዛሬም በብዙ ቦታ እንዲሁ ይጻፋል። ነገር ግን ጭንቀት ራሱን የቻለ ሌላ ሕመም ስለሆነ ይህ ስም ያደናግራል፤ ሁለቱ አብረው መምጣታቸው ደግሞ የተለመደ ነው። «ድብርት» የሚለውም ቢሆን ከዕለት ተዕለት ንግግር የተወሰደ ነው። መብራት ጠፍቶበት የሚሠራው ያጣ ወጣትም «ደበረኝ» ይላል። ስለዚህ ታማሚው «ድብርት ይዞኛል» ሲል ሰሚው ነገሩን አቅልሎ «ወጣ በል፣ ከሰው ጋር ተጫወት» ብሎ ያልፈዋል። የተለመደው ድብርት በጨዋታ፣ በዕረፍት ወይም በመልካም ዜና ይለቃል። ድባቴ የያዘው ሰው ግን የልጁ ሠርግ ላይ ተቀምጦም ደስታው አይሰማው ይሆናል።

ምልክቶች

ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት ምልክቶቹ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ አብዛኛውን ቀን፣ በየቀኑ ለማለት በሚቻል መልኩ ሲቆዩና የሰውየውን ሥራና ኑሮ ሲያውኩ ነው። ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፤ የማይለቅ ሐዘን ወይም ባዶነት፣ እንዲሁም ቀድሞ ደስ ይሉ በነበሩ ነገሮች ላይ ፍላጎት ማጣት። ከእነዚህ ጋር የእንቅልፍ መዛባት፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ ወይም መጨመር፣ ድካም፣ የእንቅስቃሴ መዘግየት ወይም መቁነጥነጥ፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ ራስን ዋጋ ቢስ አድርጎ መቁጠርና ያለ ጥፋት መጸጸት፣ በመጨረሻም ስለ ሞት ደጋግሞ ማሰብ ይቆጠራሉ። ከዘጠኙ አምስቱ ሲገኙ፣ ከአምስቱም ቢያንስ አንዱ ከሁለቱ ዋና ዋናዎች ሲሆን፣ ሕመሙ ድባቴ ይባላል።

ይህ ዝርዝር በወረቀት ላይ ግልጽ ነው፤ በምርመራ ክፍል ውስጥ ግን እንዲህ ተሰድሮ አይመጣም። በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያ የሚገባ ታማሚ «አዝኛለሁ» ብሎ የሚጀምርበት ጊዜ ጥቂት ነው። ይልቁንስ «ራሴን ያመኛል»፣ «ሰውነቴ ዝሏል»፣ «ልቤን ያቃጥለኛል»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ይላል። ይህ ማስመሰል አይደለም፤ ሕመሙ በእርግጥ በሰውነት ላይ ይሰማል። ባለሙያው ከዚህ አልፎ ካልጠየቀ ግን የጨጓራ ወይም የራስ ምታት መድኃኒት ተሰጥቶት ይመለሳል፣ ከወር በኋላም ያንኑ ይዞ ይመጣል። በገጠር ኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ድባቴ ይዟቸው ወደ ጤና ጣቢያ ከሚመጡት አብዛኞቹ ሕመማቸው ሳይታወቅ ይሄዳሉ። «ሥራ የመሥራት፣ ከሰው የመቀላቀል ፍላጎትዎ እንዴት ነው?» የሚል አንድ ጥያቄ ብዙ ነገር ይከፍታል።

በአንዳንድ ወንዶች ላይ ሐዘኑ በቁጣና በመጠጥ ይሸፈናል። በልጆችና በጉርምስና ዕድሜ ላይ ባሉ ወጣቶች ደግሞ መነጫነጭና ከትምህርት መሸሽ ጎልተው ይታያሉ። በአረጋውያን ላይ የመርሳት ችግር መስሎ የሚታይበት ጊዜ አለ።

ለቅሶ ድባቴ አይደለም። ሰው የሚወደው ሲሞትበት ማልቀሱ፣ ምግብ አልበላ ማለቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ ተፈጥሮ ነው፤ ዕድሩ፣ ጎረቤቱ፣ ለቅሶ ደራሹ የሚሰበሰበውም ለዚሁ ነው። የለቅሶ ሐዘን እንደ ማዕበል መጣ ሄድ ይላል፣ በመሐሉም ስለ ሟቹ መልካም ትዝታ ሲነሣ ፈገግታ አለ። ኀዘንተኛው ብዙ ወራት አልፎም ከአልጋው መነሣት፣ መታጠብና ልጆቹን መንከባከብ ካቃተው፣ በተለይም «እኔ ምን ዋጋ አለኝ» ማለት ከጀመረ፣ ነገሩ ከለቅሶ አልፏልና መመርመር አለበት።

መንስኤ

አንድ መንስኤ የለም። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የዘር ድርሻ እንዳለው ያሳያሉ፤ ሆኖም ወላጁ የታመመ ሁሉ አይታመምም፣ በቤተሰቡ ታሞ የማያውቅ ሰውም ይታመማል። በልጅነት የደረሰ በደል፣ የቤት ውስጥ ጥቃት፣ ድህነት፣ ከቀየ መፈናቀል፣ ብቸኝነት፣ እንዲሁም እንደ ኤች አይ ቪ፣ ስኳርና የሳንባ ነቀርሳ ያሉ ሕመሞች አደጋውን ይጨምራሉ። እርግዝናና ድኅረ ወሊድም እንዲሁ። አራስ ቤት የምታለቅስ እናት «ሙቀት ነው፣ ያልፋል» ትባላለች፤ ለጥቂት ቀናት የሚቆይ የስሜት መለዋወጥ በእርግጥ ያልፋል፣ ከሁለት ሳምንት የዘለቀው ግን ሕክምና ይፈልጋል።

«በአንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለ ንጥረ ነገር ሲያንስ የሚመጣ ነው» የሚለው ማብራሪያ ለብዙ ዓመታት ተሰራጭቷል። አሁን በተመራማሪዎች ዘንድ ከመጠን በላይ የቀለለ ሆኖ ይታያል። መድኃኒቶቹ በሴሮቶኒን በኩል መሥራታቸው ሕመሙ የሴሮቶኒን እጥረት ነው ማለት አይደለም፤ ራስ ምታት በአስፕሪን ስለተሻለ የአስፕሪን እጥረት ነበረ እንደማይባለው ሁሉ።

ምርመራ

ድባቴን የሚለይ የደም ምርመራ ወይም ራጅ የለም። ምርመራው በጥያቄና በማዳመጥ ነው። ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት፣ ከ0 እስከ 27 ነጥብ የሚሰጥ መጠይቅ በብዙ አገሮች ያገለግላል፤ ወደ አማርኛም ተተርጉሞ በኢትዮጵያ ተፈትሿል። የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግር ተመሳሳይ ድካም ስለሚያመጡ የደም ምርመራ የሚታዘዘው እነርሱን ለመለየት ነው። አልኮልና ጫትም መጠየቅ አለባቸው።

አንድ ጥያቄ ፈጽሞ መዘለል የለበትም፤ ታማሚው ከዚህ በፊት እንቅልፍ ሳያስፈልገው ለቀናት ከልክ በላይ የተደሰተበት፣ ብዙ የተናገረበት፣ ገንዘብ የበተነበት ጊዜ ነበረ ወይ የሚለው። ከነበረ ሕመሙ ባይፖላር የሚባለው ሊሆን ይችላል። ለዚያ የፀረ ድባቴ መድኃኒት ብቻውን ቢሰጥ ሰውየውን ወደ ሌላኛው ጫፍ ሊወስደው ይችላል።

በመድኃኒት ማከም

የፀረ ድባቴ መድኃኒቶች የተገኙት ሳይታሰብ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ለሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የተሞከረ ኢፕሮኒያዚድ የተባለ መድኃኒት የታማሚዎችን ስሜት ሲያነቃቃ ታየ። ብዙም ሳይቆይ ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ሮላንድ ኩን ለሌላ የአእምሮ ሕመም የታሰበው ኢሚፕራሚን ድባቴን እንደሚያሻሽል አስተዋለ። በዛሬዋ ኢትዮጵያ በብዛት የሚታዘዙት አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሰቲን ናቸው። አሚትሪፕቲሊን አፍ ያደርቃል፣ ያንቀላፋል፣ ከልክ በላይ ከተወሰደም ልብን ስለሚያውክ ለሞት ያደርሳል፤ ስለዚህ ራሱን ሊጎዳ ይችላል ተብሎ ለሚፈራ ሰው ብዙ ፍሬ በአንድ ጊዜ አይሰጥም። ፍሉኦክሰቲን ከዚህ አንጻር ይሻላል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽና የእንቅልፍ መረበሽ፣ በኋላም የወሲብ ፍላጎት መቀነስ ሊያመጣ ይችላል። ዕድሜያቸው ከ25 በታች የሆኑ ታካሚዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የመጉዳት ሐሳብ እንዳይበረታባቸው በቅርብ መታየት አለባቸው።

ሕክምናው የሚከሽፈው በአብዛኛው በሁለት ቦታ ነው። የመጀመሪያው በጅማሬው ነው። የጎንዮሽ ጉዳቱ በመጀመሪያው ቀን ይሰማል፣ ጥቅሙ ግን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይቆያል፤ ሙሉ ውጤቱን ለማየት ከዚያም በላይ ይጠበቃል። ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ታካሚ በሳምንቱ «አልሠራልኝም፣ ጭራሽ አባሰብኝ» ብሎ ይተወዋል። ሁለተኛው ሲሻለው ነው። ሕመሙ ከለቀቀ በኋላ መድኃኒቱ ቢያንስ ለስድስት ወር፣ ብዙ ጊዜም እስከ ዓመት ይቀጥላል፤ ቀድሞ ከተቋረጠ የማገርሸት ዕድሉ ከፍ ይላል። ሲቆምም በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው፤ በአንድ ጊዜ መተው ማዞርና መነጫነጭ ያመጣል። ይህ ምልክት «ሱስ ያስይዛል» የሚለውን ወሬ ፈጥሯል። ነገር ግን ታካሚው መድኃኒቱን አያምረውም፣ መጠኑን እየጨመረ ካልወሰድኩ አይልም።

ሌላው የማቋረጫ ምክንያት ጠበል ነው። ብዙ ኦርቶዶክሳውያን ታማሚዎች ከሐኪም በፊት ወይም ከሐኪም ጋር ጎን ለጎን ወደ ጠበል ይሄዳሉ። አንዳንዶች መድኃኒት መውሰድ የእምነት ጉድለት መስሏቸው ያቆማሉ። ሁለቱን አብሮ ማስኬድ የሚከለክል ሕክምናዊ ምክንያት የለም፤ ጸበልተኛው ክኒኑን ከጾሙ ጋር በምን ሰዓት እንደሚወስድ ከባለሙያው ጋር ቢነጋገር ይበቃዋል።

በንግግር ማከም

ቀላልና መካከለኛ ድባቴ ያለ መድኃኒት፣ በንግግር ሕክምና ብቻ ሊድን ይችላል፤ ለከባዱ ሁለቱ አብረው ሲሰጡ ይመረጣል። በአሜሪካዊው ሐኪም አሮን ቤክ በ1960ዎቹ የተጀመረው የሐሳብና የባሕርይ ሕክምና በጣም የተጠናው ነው። ጎረቤቷ ሰላም ሳትላት ብታልፍ ድባቴ የያዛት ሴት «ንቃኝ ነው» ትላለች። በሕክምናው ይህ ሐሳብ እንደ እውነት ሳይሆን እንደ ግምት ተይዞ ይመረመራል፤ አላየቻት ይሆን? ተቸኩላ ይሆን? ሌላው ቀላል ዘዴ ፍላጎት እስኪመጣ ሳይጠብቁ ትንንሽ ተግባሮችን በዕቅድ መጀመር ነው፤ ዛሬ በር ላይ መቀመጥ፣ ነገ ቡና ጠጡ ሲባል መሄድ። ፍላጎቱ ከሥራው በኋላ ይመጣል።

የንግግር ሕክምና የግድ ብዙ የተማረ ባለሙያ እንደማይፈልግ በአፍሪካ ታይቷል። በዚምባብዌ ዲክሰን ቺባንዳ የተባለው የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ አሮጊቶችን አሠልጥኖ በሐራሬ ጤና ጣቢያዎች አጠገብ በተተከሉ የእንጨት ወንበሮች ላይ ታማሚዎችን እንዲያዳምጡ አደረገ። በሾና ቋንቋ ሕመሙ «ሐሳብ ማብዛት» በሚል ትርጉም ስለሚጠራ አሮጊቶቹም በዚሁ ስም ጠሩት። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ከሌሎቹ ይልቅ በጉልህ እንደተሻላቸው አሳይቷል። በኡጋንዳ ገጠርም በቡድን የሚሰጥ የንግግር ሕክምና ተፈትኖ ጥሩ ውጤት አስገኝቷል።

በመድኃኒትም በንግግርም ላልተሻለው፣ ወይም መብላትና መጠጣት ላቆመ ሰው የኤሌክትሪክ ሕክምና አለ። እ.ኤ.አ. በ1938 በሮም የተጀመረው ይህ ሕክምና በፊልሞች የተነሣ ስሙ ከፍቷል። ዛሬ በማደንዘዣ ሲሰጥ ታካሚው ተኝቶ ነው፤ ለጊዜው የመርሳት ችግር ሊያመጣ ቢችልም ለከባድ ድባቴ ካሉት ሕክምናዎች ሁሉ ብርቱ ከሚባሉት ነው።

በኢትዮጵያ

አዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር፤ ከሩቅ አውራጃ ታማሚ ይዞ የሚመጣ ቤተሰብ ቀናት ይጓዝ ነበር። የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ከዚያ ወዲህ የተያዘው መንገድ ሕክምናውን ወደ ጤና ጣቢያ ማውረድ፣ ጤና መኮንኖችንና ነርሶችን ማሠልጠን ሲሆን፣ በጉራጌ አካባቢ በሶዶ ወረዳ በሰፊው ተሞክሯል። በመድኃኒት አቅርቦት መቆራረጥ ግን አሁንም ሕክምና ይስተጓጎላል። ለወር የታዘዘለት ሰው በሁለተኛው ወር መድኃኒት ቤት ሄዶ ካጣ፣ ከላይ የተባለው ማገርሸት የእርሱ ጥፋት አይሆንም።

ራስን ማጥፋት

በዓለም በየዓመቱ ከ700,000 በላይ ሰዎች ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ ድባቴ ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ ነው። «ስለ ሞት ካነሣሁበት ሐሳቡን እሰጠዋለሁ» የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም፤ በቀጥታና በርጋታ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም፣ ብዙ ጊዜም ታማሚውን ያሳርፈዋል። «ለናንተ ሸክም ሆንኩ» ማለት፣ ንብረትን ማከፋፈል፣ ሰዎችን መሰናበት የሚመስል ንግግር የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ብቻውን አይተውም፤ የፀረ ተባይ መርዝ፣ ገመድና የተከማቸ መድኃኒት ከቤት ይወጣሉ፣ እርሱም በዚያው ቀን ወደሚቀርበው ጤና ተቋም ይወሰዳል።